ከተከለከለው ኮረብታ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፦ ሲንጋፖርን በእግር

ሲንጋፖር ደርሶ የከተማዋን ታሪክ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው በ1819 እዚህ የእንግሊዝን የንግድ ጣቢያ ወደመሠረተው ወደ ራፍልስ፣ ወንዙ ዳር ወደቆመው ነጭ ሐውልቱ ነው። እኔ ግን ከኮረብታው ጀመርኩ፤ ሌላውም ሰው እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ። ከሐውልቱ የጀመረ መንገደኛ ታሪኩን 500 ዓመት ዘግይቶ ይጀምራል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አንድ ዲግሪ ከምናምን ላይ ስለሆነች ሙቀቱና ወበቁ ዓመቱን ሙሉ አይለቅም። መንገዱ በቀጥታ ቢለካ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ግን ዳገቱ ላይ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ዝናብ ይደርስበታል። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሳት ነው። ፎርት ካኒንግ በተባለው የባቡር ጣቢያ ወርጄ ወደ ላይ ወጣሁ። የኮረብታው ከፍታ 50 ሜትር አይሞላም። የቧንቧ ውሃው ስለሚጠጣ ባዶ ኮዳ መያዝ ይበቃል።

ማላዮች ይህን ኮረብታ ቡኪት ላራንጋን፣ ማለትም የተከለከለው ኮረብታ ይሉት ነበር፤ የጥንት ነገሥታት ያረፉበት ነው ተብሎ ስለሚታመን ማንም ደፍሮ አይወጣበትም። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። የሱማትራዋ ፓለምባንግ ልዑል ሳንግ ኒላ ኡታማ ከአንድ ደሴት ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ ሆኖ ከባሕሩ ማዶ እንደ ሸማ የነጣ አሸዋ አየ። ሊሻገር ሲል ማዕበል ተነሳ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ባሕር ተጣለ፤ መርከቧ የተረፈችው ልዑሉ ዘውዱን አውልቆ ሲወረውር ነው። ወንዙ አፍ ላይ ሲወርድ ሰውነቱ ቀይ፣ ራሱ ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ የሆነ ፈጣን አውሬ ተመለከተ። “አንበሳ ነው” አሉት። ከተማዋንም ሲንጋፑራ አላት፤ በሳንስክሪት “ሲንጋ” አንበሳ፣ “ፑራ” ከተማ ነው። በልማድ የሚሰጠው ዓመት 1299 ነው። ስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢን ያየ ሰው መልኩ እንደማይገጥም ወዲያው ያውቃል፤ በዚህች ደሴት አንበሳ ኖሮ አያውቅም። ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።

አፈ ታሪኩን ከነጭራሹ መጣል ስሕተት የሚሆነው ኮረብታው ራሱ ስለሚመሰክር ነው። በ1928 የውሃ ማጠራቀሚያ ሲቆፈር የ14ኛው መቶ ዘመን የወርቅ ጌጣጌጦች ወጡ። ከ1984 ጀምሮ የተካሄደው ቁፋሮም የቻይና ሸክላና የመስታወት ዶቃ አስገኝቷል። ዋንግ ዳዩዋን የተባለው ቻይናዊ ነጋዴ በ1330ዎቹ ገደማ የዚህን ወደብ ሰዎች አይቶ ጽፏል፤ በ1365 የተጻፈ የጃቫ ግጥምም ቱማሲክ ብሎ ይጠራዋል። በ1822 ጆን ክሮፈርድ የተባለ ስኮትላንዳዊ እዚህ ሲመላለስ የጥንቱ ከተማ የአፈር ግንብ ገና ቆሞ ነበር፤ የግርጌው ውፍረት 16 ጫማ፣ ቁመቱ 8 ወይም 9 ጫማ መሆኑን መዝግቧል። ዛሬ የግንቡ ርዝራዥ የለም፤ ስታምፎርድ የተባለው ጎዳና በዚያው መስመር ያልፋል።

ከኮረብታው ጎን የኢስካንዳር ሻህ መካነ መቃብር የሚባል ከላዩ ጣራ ያለው ስፍራ አለ። ሰዎች የሚጸልዩበት ስለሆነ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለፍ ይገባል። ንጉሡ በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከሲንጋፖር ተባሮ ማላካን የቆረቆረ ስለሆነ አጽሙ እዚህ ነው ማለት ይከብዳል፤ መታሰቢያ ነው ብሎ መውሰድ የተሻለ ነው።

ብሔራዊ ሙዚየሙ ከኮረብታው ሥር ነው፤ በአገሬው ሰዓት በ10፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይከፈታል። ወርቁ እዚያ ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን የሲንጋፖር ድንጋይ የሚባለውን ስባሪ ሳያዩ አይውጡ። በወንዙ አፍ ላይ ወደ ሦስት ሜትር የሚደርስ ጽሑፍ ያለበት ቋጥኝ ነበር። በ1843 እንግሊዞች ቦታውን ለማስፋት በባሩድ አፈነዱት። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልተነበበም፤ የማይነበበውም ፊደሉ ከባድ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አብዛኛው ስለጠፋ ነው። በ1848 ደግሞ ለመርከብ መግቢያ ሲባል በምዕራቡ በኩል ቻይናውያን መርከበኞች የዘንዶ ጥርስ ይሉት የነበረው ዓለት ፈረሰ፤ ላብራዶር መናፈሻ ዛሬ የቆመው በ2005 የተሠራ ምስሉ ነው። ይህች ከተማ ወደብ ለመሆን የራሷን ምስክሮች አፍርሳለች፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ከኮረብታው ወደ ወንዙ ስወርድ ሂል በተባለው ጎዳና የአርመኖችን ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ። በ1835 ተሠርቶ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘአርመንያ ስም የተሰየመ፣ በከተማዋ ካሉት የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ የቆየው ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ለተዋሕዶ እህት ስለሆነች ለኛ አገር ምእመን እዚህ ጥቂት ማረፍ ተገቢ ነው። በግቢው የአግነስ ጆአኪም የመቃብር ድንጋይ አለ፤ በስሟ የተጠራው አበባ በ1981 የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ሆነ።

ወንዙ ጋ ደረስኩ። ነጩ ሐውልት በ1972 የቆመ ቅጂ ነው፤ የ1887ቱ የነሐስ ዋና ሐውልት እዚያው አቅራቢያ ካለው ቪክቶሪያ አዳራሽ ፊት ለፊት ነው። ራፍልስ የደረሰው በጥር 1819 መጨረሻ ነው። እንዴት እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደሴቲቱ የጆሆር ሱልጣን ግዛት ነበረች። ሱልጣኑ በ1812 ሲሞት ታላቁ ልጅ ሑሴን ለጋብቻ ራቅ ብሎ ስለነበር ታናሹ ነገሠ፤ ደቾችም (ሆላንዶች) ታናሹን ደገፉ። ራፍልስ ታላቁን አስመጥቶ “ሱልጣን አንተ ነህ” አለው፤ የካቲት 6 ቀን 1819 ውል ተፈረመ። ለሑሴን በዓመት 5,000፣ ለአካባቢው ሹም ለተመንጎንግ 3,000 የስፔን ብር ተቆረጠላቸው። ይህ ውል የሰጠው የንግድ ጣቢያ ብቻ ነው። ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ ለእንግሊዞች የተላለፈችው በ1824 ነው፤ ብዙ ጽሑፎች ሁለቱን ዓመታት ያደባልቃሉ።

ወደቡ ቀረጥ አልነበረውም። ታዲያ አስተዳደሩ ከምን ይተዳደር ነበር? የኦፒየም (የሚጨስ አደንዛዥ ዕፅ)፣ የአረቄና የመሳሰሉትን የመሸጥ መብት በጨረታ ለግለሰቦች እያከራየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከገቢው ግማሽ ገደማው በብዙ ዓመታት ከኦፒየም የመጣ ነበር። የገዙትና ያጨሱት ደግሞ በብዛት ወደብ ላይ ሸክም የሚሸከሙ ድሆች ናቸው። የነፃ ወደብን ታሪክ ይህን ሳይጠቅስ የሚናገር አስጎብኚ ግማሹን ትቶታል። ወደቡ ያደገበት ሌላው ምክንያት ነፋስ ነው፤ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ የቻይና መርከቦችን በክረምታቸው ያመጣል፣ የደቡብ ምዕራቡ በሰኔና በሐምሌ ወደ አገራቸው ይመልሳል። በመካከሉ ያሉት ወራት የመገበያያ ጊዜ ናቸው።

የወንዙ ደቡብ ዳር ረግረግ ነበር፤ አሁን ራፍልስ ፕሌስ ከሚባለው ቦታ ኮረብታ ተንዶ በአፈሩ ተሞላ። ቻይናውያን ስደተኞች ለባሕር እመቤታቸው በ1842 ያጠናቀቁት ቲያን ሆክ ኬንግ ቤተ መቅደስም ያን ጊዜ ባሕሩ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ዛሬ ከፊቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሕንፃ ነው። በድሮ ካርታ ባሕር ፍለጋ የሚሄድ ሰው ይጠፋበታል።

ከድልድዩ ማዶ በ1827 ለመኖሪያ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ አለ፤ በ1954 የምክር ቤት ጉባኤ ማካሄጃ ሆነ። ከፊቱ የቆመው የነሐስ ዝሆን የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ቹላሎንግኮርን የ1871 ጉብኝቱን ለማስታወስ የሰጠው ነው። ራስን የማስተዳደር ትግል የተካሄደው በዚህ ቤት ነው፤ መነሻው ግን እንግሊዞች በ1942 በጃፓኖች መሸነፋቸው ነው። “መድፎቹ ወደ ባሕር ዞረው ስለነበር ተሸነፉ” የሚባለው ልክ አይደለም። አብዛኞቹ መድፎች ይዞሩ ነበር፤ ጥይታቸው ግን መርከብ ለመብሳት የተሠራ ስለሆነ በምድር ጦር ላይ እምብዛም አልሠራም። የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ በጃፓኖች እጅ ሲወድቁና የቧንቧው መስመር ሲሰበር እንግሊዞች የካቲት 15 እጅ ሰጡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ጃፓኖች በርካታ ቻይናውያንን ፈጁ። ከዚያ በኋላ “እንግሊዝ ይጠብቀናል” የሚል አልተገኘም።

በ1948 ከ22 የምክር ቤት መቀመጫዎች 6 ብቻ በምርጫ ተሞሉ። በ1955 ከ32ቱ 25 ሆኑ፤ ዴቪድ ማርሻል የመጀመሪያው ዋና ሚኒስትር ሆነ። በ1956 ለንደን ላይ የተደረገው ድርድር የከሸፈው በአገር ውስጥ ጸጥታ ማን የመጨረሻውን ቃል ይናገር በሚለው ነው፤ ማርሻልም ሥልጣኑን ለቀቀ። ቋጠሮው በኋላ የተፈታበት መንገድ እነሆ፦ ሰባት አባላት ያሉት የጸጥታ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ 3 ከእንግሊዝ፣ 3 ከሲንጋፖር፣ 1 ከጎረቤት አገር ማላያ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ ወሳኙ የማላያው ድምፅ ነው። መከላከያና የውጭ ጉዳይ በእንግሊዝ እጅ ቀሩ። ግንቦት 30 ቀን 1959 ድምፅ መስጠት ግዴታ በሆነበት ምርጫ የሕዝብ ተግባር ፓርቲ ከ51 መቀመጫ 43ቱን ወሰደ። መሪው ሊ ኩዋን ዩ የታሰሩ ጓዶቹ ካልተፈቱ መንግሥት አልመሠርትም አለ፤ ሰኔ 4 ተፈቱ። ይህ ራስን ማስተዳደር ነው፤ ነፃነት በ1965 ነው የመጣው።

የመጨረሻው ፌርማታ ፓዳንግ ከተባለው ሰፊ ሜዳ ፊት ያለው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው፤ በ1929 ተጠናቆ ከ2015 ጀምሮ ከጎኑ ካለው የቀድሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋር ብሔራዊ የሥዕል ማሳያ ሆኗል። እኔ እዚህ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሜዳው ጥላ ስለሌለው ቶሎ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሥዕል ለማየት የመጣ ሁሉ በሥዕሎቹ ይያዝና ዋናውን አዳራሽ ይዘልላል፤ በር ላይ ያሉትን ሠራተኞች የማዘጋጃ ቤቱ ጉባኤ አዳራሽ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ጃፓኖች መስከረም 12 ቀን 1945 እጅ መስጠታቸውን የፈረሙት፣ ሰኔ 5 ቀን 1959 ደግሞ ሊ ኩዋን ዩና ሚኒስትሮቹ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በዚያው ክፍል ነው።