ሸሚዜ ላይ ቦታ የለም

ዛሬ አስራ ሁለተኛን ጨረስን። ሸሚዜን ሁሉም ፈርሞበት ቦታ ጠፋ። አራት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ኮሌታው ላይ "የወሰድክብኝን እስክሪብቶ መልስ" ብሎ ጽፏል። እውነቱን ነው።

ከዚያ ጣና ዳር ወረድን። ብር አዋጥተን አሳ ጥብስ አዘዝን፤ ለአስራ አንድ ሰው ሦስት አሳ! እሾኩ ብቻ ነው የተረፈው።

ዘጠነኛ ስንገባ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ገና እየተሠራ ነበር። በ2016 ግንቦት ተመረቀ። የእኛ ሒሳብ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላለቀም (መምህራችን ይቅር ይበሉን)።

ሊመሽ ሲል አንድ አባት በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ መጡ።

"ተመረቃችሁ?"

"ብሔራዊ ፈተናው ገና ይቀረናል አባባ።"

"ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል? ሂዱና አጥኑ!" ብለውን አለፉ።