«ስለዚህ»ን ማስተማር፦ ከኃይሌና ከቀነኒሳ ክርክር እስከ ውርርድ ማስታወቂያ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መከራከር አይቸግረውም። ዶርም ውስጥ ስለ አርሰናል እስከ እኩለ ሌሊት ሲሟገት ያመሸ ልጅ፣ ጠዋት ክፍል ገብቶ ስለ ሞት ቅጣት አቋምህን ጻፍ ሲባል ግን ሦስት መስመር ሞልቶ ይቆማል። ስለ ርዕሱ የራሱ ማስረጃ ስለሌለው የሞጁሉን ቃል መልሶ ይጽፋል። ለፍሬሽማን ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ሳስተምር ወደ ስፖርት፣ ወደ ማስታወቂያና ወደ ዘፈን የዞርኩት ለዚህ ነው፤ ክፍሉን ለማዝናናት አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ እኩል ወይም አብልጦ በሚያውቀው ጉዳይ ላይ ማስረጃ ፍለጋ ጊዜ አይበላም። ሰዓቱ በሙሉ ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር በሚያያይዘው ነገር ላይ ይውላል። ያንን ነገር ክፍል ውስጥ «ድልድይ» እለዋለሁ።

ከሁሉ የሠራልኝ ጥያቄ «ከኃይሌና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል?» የሚለው ነው። ሃምሳ ገደማ ተማሪ ላለበት ሴክሽንና ለሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሚሆን ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሩብ ወረቀት አድላለሁ፤ አንድ አቋምና አንድ ምክንያት በአማርኛ፣ ስም ሳይጻፍ፣ በአምስት ደቂቃ። ሰብስቤ ስድስቱን እመርጥና ሰሌዳ ላይ እገለብጣለሁ። ምርጫው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ስድስቱም ስለ ሜዳልያ ከሆኑ ትምህርቱ ይሞታል። ሁለት ስለ ሜዳልያ፣ ሁለት ስለ ሰዓት፣ አንድ ስለ ጠባይ ወይም ስለ አገር ፍቅር፣ አንድ ደግሞ ምንም ምክንያት የሌለው («ኃይሌ ኃይሌ ነው») ቢሆን ጥሩ ነው።

ከዚያ የሰሌዳው ሌላ ጎን ላይ ቁጥሮቹን እጽፋለሁ (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኃይሌ፦ በ10,000 ሜትር 2 የኦሊምፒክ ወርቅ፣ 1996 እና 2000፤ በዚያው ርቀት 4 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፤ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሮጦ ከ2:04 በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው። ቀነኒሳ፦ 3 የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አንዱ በ2004 ሁለቱ በ2008፤ 5 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፤ በዓለም አገር አቋራጭ 11 የአዋቂዎች የግል ድል፤ በ5,000 ሜትር የ2004ቱ፣ በ10,000 ሜትር የ2005ቱ ክብረ ወሰን፣ ሁለቱም እስከ 2020 የቆዩ፤ በ2019 በርሊን ላይ በማራቶን 2:01:41። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ካልሰፈረ ሰዓቱ ስልክ በመጎርጎር ያልቃል።

ሥራው የሚጀምረው አሁን ነው። አንዱን ወረቀት አነሣለሁ፦ «ቀነኒሳ 3 የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፣ ኃይሌ 2። ስለዚህ ቀነኒሳ ይበልጣል።» ማስረጃው ትክክል ነው፤ ማንም አይክደውም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ምን ውጣለች? ትንሽ ዝምታ ይሆንና አንድ ሰው «በኦሊምፒክ ብዙ ወርቅ ያገኘ ይበልጣል» ይላል። እጽፈዋለሁ። ቀጥዬ ሌላ ስም አመጣለሁ፦ የእንግሊዙ ሞ ፋራህ በ2012 እና በ2016 በድምሩ 4 የኦሊምፒክ ወርቅ አለው። በዚህ ድልድይ ከሄድን ሞ ፋራህ ከቀነኒሳም ይበልጣል። ተቀበላችሁ?

ክፍሉ ይንጫጫል፤ ከኃይሌ ደጋፊ ይልቅ የቀነኒሳ ደጋፊ ይቆጣል። ቁጣው ለትምህርቱ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ድልድዩን ሊያድኑ ሲሉ ራሳቸው ያሻሽሉታል። «ወርቅ ብቻ ሳይሆን ክብረ ወሰንም ይቆጠር»፣ «ሰዓት ይታይ» ይላሉ። ሰዓት ከተባለ ደግሞ የ2008ቱና የ2019ኙ ማራቶን መካከል የመሮጫ ጫማ ቴክኖሎጂ ክፉኛ ተለውጧል፤ ሁለቱን ሰዓት ዝም ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተፋጨ በኋላ አብዛኛው ተማሪ አንድ ነገር ይገባዋል፦ የተጣሉት ስለ ኃይሌና ስለ ቀነኒሳ ሳይሆን «መብለጥ» ስለሚለካበት መስፈርት ነው። ይህንን እኔ ቀድሜ ከተናገርኩት ግን ደብተር ላይ ይጻፋል እንጂ አይገባም።

የመጨረሻዎቹ 25 ደቂቃዎች ለጽሑፍ ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ መላላት ትልቁ ስህተት ነው፤ ክርክሩ ሲደምቅ መምህርም ይረሳል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ ተማሪው ደስ ብሎት ምንም ሳይጽፍ ይወጣል። የስልኬን ማንቂያ ሞልቼ ነው የምገባው፤ ሲጮኽ የሚናገረው ሰው በመሃል ይቆማል። ጽሑፉ ከ120 እስከ 150 ቃል ያለው አንድ አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መስፈርቱን መናገር አለበት፤ አቋሙ ሁለተኛ ይመጣል።

የቋንቋውን ነገር በሁለት መንገድ ሞክሬዋለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ካስጀመርኳቸው ሐሳባቸውን በሚያውቁት ቃል ልክ ይቆርጡታል። ሙሉውን በአማርኛ አስጽፌ ካስተረጎምኩ ደግሞ ቃል በቃል የተገለበጠ፣ ለማንም የማይገባ እንግሊዝኛ ይመጣል። የያዝኩት መሃለኛው ነው፦ አምስት መስመር አጽም በአማርኛ (መስፈርት፣ አቋም፣ ሁለት ማስረጃ፣ አንድ ተቃውሞ)፣ ከዚያ ወረቀቱ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አንቀጹ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እያዩ ከጻፉ ይተረጉማሉ፤ ካላዩ ያስባሉ።

ተቃውሞን ለማስተማር የድሮውን የበላ ልበልሃ ሙግት ወስጄ አንድ ደንብ ጨመርኩበት። ተናጋሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይደግማል፤ ባላጋራው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ወደ መልሱ አይገባም። አምስት አምስት ሆነው ሲቀመጡ ሁለት ይሟገታሉ፣ አንድ ይዳኛል፣ ሁለት ይጽፋሉ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ «አዎ» ያላገኘ ተራውን ያጣል። ብዙዎች በመጀመሪያው ዙር ያጡታል።

የተረትና ምሳሌው ጉዳይ ሳይነሣ አያልፍም፤ ተማሪዎቻችን ምሳሌያዊ አነጋገርን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። መከልከል አያዋጣም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲሉኝ ከሥሩ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለቱም የአባቶች ቃል ናቸው፤ የትኛው መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ጉዳዩ ነው። ከዚያ በኋላ ተረቱን ለመክፈቻ እንጂ ለማስረጃ የሚያመጣው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዙር ማስታወቂያ ነው። ሠላሳ ሰከንድ የማይሞላ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ እመርጣለሁ፤ ከቤት አውርጄ ስልኬ ላይ እይዛለሁ፣ የሚባለውንም ቃል በቃል በወረቀት አባዝቼ እመጣለሁ፤ መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ ይበቃል። ሦስት ጊዜ እናየዋለን፦ ድምፅ አጥፍተን፣ ድምፁን ብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ። ድምፅ ሲጠፋ የሚታየው ጓደኛሞች፣ ሳቅና አዲስ ስልክ ነው። ድምፁ ብቻ ሲሰማ «ተጫወቱ» ከማለት በስተቀር ምንም የቀረበ ምክንያት የለም። ስለዚህ መነሻው በምስል ተነግሯል ማለት ነው፤ ተማሪው ያንን ምስል ወደ ዓረፍተ ነገር እንዲመልሰው ይጠየቃል፦ «የሚወራረድ ሰው ያሸንፋል» ነው? ወይስ «የሚወራረድ ሰው ጓደኛ አያጣም»? የተናገረው አካል ሊክደው በሚችል ሐሳብ ላይ መሟገት ከባድ ስለሆነ፣ «ማስታወቂያው ይህን ይላል» ለማለት ከምስሉ ሁለት ነጥብ መጥቀስ ግዴታ ነው።

ለድርሰቱ (ከ500 እስከ 600 ቃል) የምሰጠው ርዕስ ከዚሁ ይወጣል። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112/2011) የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ያው ክልከላ ለውርርድ ማስታወቂያም ይሁን ወይስ አይሁን? ተማሪው በማመሳሰል መከራከር አለበት፤ ቢራና ውርርድ በምን ይመሳሰላሉ፣ በምን ይለያሉ፣ ልዩነቱስ ለክልከላው ጉዳይ ቁም ነገር አለው ወይ። «ሁለቱም ሱስ ናቸው» ብሎ የሚቆመው ወረቀት ብዙ ነው። ቡናም ሱስ ነው ብዬ ጠርዙ ላይ እጽፍለታለሁ።

ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ያውም የፍቅር ዘፈን። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ በየስንኙ ፖለቲካ ያገኛል፤ አዲስ የወጣ፣ ወገን የለየ ዘፈን ክፍል ውስጥ ካስገባችሁ ደግሞ ክርክሩ ስለ ስንኙ መሆኑ ይቀርና ተማሪው የሚናገረውን ሳይሆን ማን እንደሆነ መተያየት ይጀመራል። ደንቤ አንድ ነው፦ ወርቁን አገኘሁ የሚል ሰው ከሁለት የተለያዩ ስንኞች ያሳየኝ። በአንድ ቃል ላይ የቆመ ወርቅ አልቀበልም።

የፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ስሞችን እስከ አራተኛው ሳምንት አላስተምርም። ቀድመው ከተማሩት እንደ ድንጋይ ይወራወሩበታል፤ «አድ ሆሚነም!» (ሐሳቡን ትተህ ተናጋሪውን ነካህ ማለት ነው) ብሎ መጮህ መልስ መስጠት ይመስላቸዋል። ስም የጠራ ተማሪ ድልድዩ የት ላይ እንደተሰበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፈ ነጥብ የለውም።

እግር ኳስ ላይ ብቻ መቆምም ክፍሉን ለጥቂት ወንዶች ይሰጣል፤ ሴቶቹ ሁሉ አያውቁም ማለት ሳይሆን ዕድሉን አያገኙም። በሩብ ወረቀት የምጀምረው በከፊል ለዚህ ነው፤ ማን እንደጻፈው ስለማይታወቅ ጩኸት አይለካም። ወረቀቱ ለቻትጂፒቲም መድኃኒት ነው፤ ቤት ተሠርቶ የሚመጣው ድርሰት ክፍል ውስጥ ከተጻፈው አጽም ጋር ካልተያያዘ አላርምም።

እርማቱ ከ20 ነው፦ መስፈርትና አቋም 3፣ ማስረጃ 4፣ ድልድይ 6፣ ተቃውሞ 5፣ ቋንቋ 2። ለቋንቋ 2 ብቻ መሆኑ ባልደረቦቼን ያስቆጣል፤ ከፍ ሲል ግን ተማሪው አጫጭርና ደኅና ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጽፍና ሐሳቡን ይደብቃል። ለአንድ ወረቀት አራት ደቂቃ፤ ለሃምሳው ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁሉንም ስህተት አላሰምርም፤ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ወይም ቦታውን አከብበዋለሁ፣ ከጎኑ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ።

ለፋይናል ደራርቱና ጥሩነሽን አመጣለሁ። ጥሩነሽ 3 የኦሊምፒክ ወርቅ፤ ደራርቱ 2፣ የ1992ቱ ግን አንዲት ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ከኃይሌና ከቀነኒሳ የቃረመውን ወርቅ ቆጠራ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ጥሩነሽ ብሎ ያልፋል፤ ፈር ቀዳጅነት በምን ሚዛን እንደሚገባ ያሰበው ደግሞ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ይታወቃል። ወረቀቶቹን በዚያ ዓረፍተ ነገር ብቻ በሁለት ክምር ከፍዬ ነው ማረም የምጀምረው።