ስንት ስፌት ተሰፋሽ?

አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ገና ገንፎው ሳይቀርብላት «ስንት ስፌት ተሰፋሽ?» ማለቷ አይቀርም። በአዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱም፣ ኮዬ ፈጬም፣ ሰበታም ያው ነው። «ሰባት» ያለችው «ሦስት» ካለችው ይልቅ ታሳዝናለች። ቁጥሩ ግን ስለ ጉዳቱ የሚነግረን ነገር የለም። አንዷ አዋላጅ ከውስጥ ጀምራ እስከ ቆዳው ድረስ በአንድ ክር ሳትበጥስ ትጨርሰዋለች፤ ያንኑ ቁስል ሌላዋ ነጠላ ነጠላ እያሰረች ብትሰፋው ስምንት ቋጠሮ ሊወጣው ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው በወሊድ ጊዜ የብልቷ አካባቢ ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀደደ ነው።

ጥልቀቱ በአራት ደረጃ ይከፈላል። አንደኛው ቆዳውና የብልት የውስጥ ሽፋን ብቻ ሲላጥ ነው፤ ካልደማና የቁስሉ ጠርዞች ከገጠሙ ብዙ ጊዜ መስፋትም አያስፈልገውም። ሁለተኛው በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ጡንቻ ይነካል፤ ይሄ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰፋ ነው። ሦስተኛው ፊንጢጣን እንደ ከረጢት አፍ የሚቋጥረውን ክብ ጡንቻ ያገኛል። የውጭው ጡንቻ ከግማሽ በታች ከተበጠሰ 3ኤ፣ ከግማሽ በላይ ከሆነ 3ቢ፣ የውስጠኛውም ከተጨመረ 3ሲ ይባላል። አራተኛው እስከ ፊንጢጣው የውስጥ ሽፋን ድረስ የዘለቀ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ድንበር በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው። እንግዴ ልጁ ወጥቶ ደሙ ከተገታ በኋላ መብራት ይቀርባል፣ ቁስሉ በጋውዝ ይጠረጋል። አዋላጇ ጠቋሚ ጣቷን በፊንጢጣ፣ አውራ ጣቷን በብልት በኩል አስገብታ መሃል ያለውን ሥጋ በሁለቱ ጣቶች እያንከባለለች ትዳስሳለች። ጡንቻው ደህና ከሆነ እንደ ወፍራም ገመድ ይሰማል። ከተበጠሰ ከፊት በኩል ባዶ ነው፤ የተበጠሱት ጫፎች ወደ ግራና ቀኝ ሸሽተው ሥጋው ውስጥ ይደበቃሉ። ማደንዘዣ ገና ካልተወጋች «እህቴ፣ ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጨምቂ» ብትባል ጡንቻው መስራት አለመስራቱ ጣቱ ላይ ይታወቃል። ከዚያ ጓንት ይቀየራል። በጠቅላላው አንድ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ታዲያ ለምን ይዘለላል? ቀጣዩ አልጋ ላይ ሌላዋ እያማጠች ነው፣ መብራት ጠፍቶ የስልክ ባትሪ ተይዟል፣ እናቲቱም ደክሟታል። ከላይ ሁለተኛ ደረጃ ይመስላል፤ ቆዳው ተሰፍቶ ያምራል፤ ስር ያለው ጡንቻ ግን እንደተበጠሰ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ፈስ መያዝ ሲያቅታት፣ ቀጭን ሰገራ ሲያመልጣት «የወለደች ሁሉ እንዲህ ትሆናለች» ብላ ዝም ትላለች። ያልታየ አራተኛ ደረጃ ደግሞ በፊንጢጣና በብልት መካከል ቀዳዳ (ፌስቱላ) ትቶ ሰገራ በብልት እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል የሚያክማቸው አብዛኞቹ ምጥ ለቀናት ተጓቶባቸው የተጎዱ ናቸው። ባልታየ መቀደድ የሚመጣውን ግን አንድ ጣት ገና በወሊዱ ቀን ታገኘው ነበር።

አሁን ወደ መቀሱ። አዋላጆች አጠር አድርገው «ኤፒ» የሚሉት ኤፒዚዮቶሚ ማለት የወሊድ በሩን ለማስፋት ሆን ተብሎ የሚደረግ ቅድ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ቅድ ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ቁስል ነው። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ጆሴፍ ዴሊ እ.ኤ.አ. በ1920 ለመጀመሪያ ወላድ ሁሉ ቢደረግ ከክፉ መቀደድ ያድናል ብሎ ተከራከረ፤ ዓለምም ለአሥርት ዓመታት ተከተለው። ከ2,600 በላይ ሴቶች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአርጀንቲና ጥናት ግን ለሁሉም መቅደድ ከባዱን መቀደድ እንደማይቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ እንደ ልማድ መቅደድን አይመክርም። «የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ» የሚለው ምክንያት እስከ ዛሬ ሲባል መስማት በግሌ ያናድደኛል።

ምክንያት የሚሆነው የሕፃኑ የልብ ምት ወድቆ ጭንቅላቱ በር ላይ ሲሆን፣ በተለይ በፎርሴፕስ (በብረት መቆንጠጫ)፣ አንዳንዴም በቫኪዩም (በመምጠጫ መሣሪያ) ተስቦ ሲወለድ፣ ወይም ትከሻው ተይዞ አዋላጇ እጇን የምታስገባበት ቦታ ስታጣ ነው። ትከሻን የሚይዘው አጥንት ስለሆነ ቅዱ ብቻውን አያስለቅቀውም። አራተኛው ምክንያት ጠባሳ ነው። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ናቸው፤ የከተማው ዳር ደግሞ ከየክልሉ የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው። የግርዛት ጠባሳ እንደ ጤነኛ ቆዳ አይለጠጥም። የተሰፋ ግርዛት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚከፈተው ከፊት ያለው ጠባሳ ነው፤ እሱን ትቶ ከታች ብቻ መቅደድ ስህተት ነው። ይህ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ታይቶ ካርድ ላይ ቢጻፍ ምጥ ክፍል ውስጥ ግርግር አይፈጠርም።

ቅዱ ሲደረግ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ለእናትም ይጠቅማል። መጀመሪያ ፈቃዷ ይጠየቃል። ማደንዘዣው ሊዶኬይን 2 ፐርሰንት ከሆነ አንድ እጅ መድኃኒት በሦስት እጅ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ይቀጠንና 0.5 ፐርሰንት ይሆናል፤ ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይወጋል። መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት የሲሪንጁ ዘንግ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ደም ከመጣ ቦታው ይቀየራል። ከዚያ 2 ደቂቃ ይጠበቃል። ቆዳው በፒንሴት ተቆንጥጦ ከተሰማት ገና ነው። አዋላጇ ሁለት ጣቷን በሕፃኑ ጭንቅላትና በቆዳው መካከል አስገብታ፣ ምጡ መጥቶ ቆዳው ሳስቶ 3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጭንቅላት ሲታይ በሰላ መቀስ ትቀድዳለች። ቀድሞ መቅደድ ደም ያበዛል፣ የደነዘ መቀስም ሥጋውን ይጨፈልቀዋል።

ማዕዘኑ ከሁሉ ይበልጣል። ቅዱ ከመሃል መስመር ወደ ጎን 60 ዲግሪ ያህል መራቅ አለበት። በዚያ ሰዓት ቆዳው ስለተወጠረ 60 የነበረው ሕፃኑ ሲወጣ ወደ 45 ይጠባል። በ45 የተቀደደ ደግሞ ሲሸበሸብ ወደ መሃል ተጠግቶ ያንን እንደ ከረጢት አፍ የሚቋጥር ጡንቻ አጠገቡ ድረስ ይሄድበታል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተቀደደው በቀላሉ ወደ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ የሚዘልቀው ለዚህ ነው።

መቀስ ሳይነካ ብዙ ማድረግ ይቻላል። ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ ቤት ውስጥ በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ታጥቦ ዘይት በተቀባ አውራ ጣት 3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ብልት ገብቶ ወደ ታችና ወደ ጎን ለ5 ደቂቃ ያህል መለጠጥ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ወላድ ይረዳል። ምጥ ላይ ደግሞ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ በየምጡ ቆዳው ላይ ይደረጋል። ጭንቅላቱ ሊወጣ ሲል «ግፊ! በርቺ!» እያሉ መጮህ ግን ተቃራኒውን ያመጣል። ያኔ የሚያስፈልገው «አሁን አትግፊ፣ የኔ እናት፣ በአፍሽ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ» ነው። አንድ እጅ ጭንቅላቱ ተፈናጥሮ እንዳይወጣ ያቀዘቅዛል፣ ሌላኛው ከታች ቆዳውን ይደግፋል። ትከሻውም ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ ጭንቅላት ሳይቀድደው የታችኛው ትከሻ የሚቀድደው ብዙ ነው። ሆድን ከላይ በክንድ መጫንማ ጨርሶ ይቅር።

ስለ ስፌቱ። ክሩ ራሱ የሚሟሟ፣ የውፍረት ቁጥሩ 2-0 የሆነ ነው። ሰው ሠራሹ ቪክሪልና ከእንስሳ አንጀት የሚሠራው ክሮሚክ ካሉ ቪክሪሉ ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመም ይቀንሳል። ስፌቱ የሚጀምረው ከቁስሉ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ የተበጠሰ የደም ሥር ወደ ላይ ሸሽቶ ስለሚደበቅ። ከዚያ የብልት ሽፋን፣ ቀጥሎ ጡንቻው፣ በመጨረሻ ከቆዳው ሥር። ጡንቻው መሃል ክፍተት ከተተወ ደም እዚያ ይቋጠራል። አጥብቆ መሳብም ጥሩ አይደለም፤ ቦታው በማግስቱ ያብጥና ክሩ ሥጋውን ይቆርጠዋል። ሲያልቅ እንደገና ጣት በፊንጢጣ ይገባል፤ ክር ከተሰማ ስፌቱ ተፈትቶ ይደገማል። ጋውዝ ከመጀመሩ በፊትም ሲያልቅም ይቆጠራል፤ ውስጥ የተረሳ ጋውዝ ከሳምንት በኋላ በመጥፎ ጠረኑ ይታወቃል። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ከሆነ ጤና ጣቢያ ላይ አይሞከርም። ደሙ በጋውዝ ታፍኖ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በኦፕሬሽን ክፍል፣ በጥሩ ማደንዘዣና በአንቲባዮቲክ ይሰፋል። በመንገድ ጥቂት ሰዓት ቢያልፍ በችኮላ ከመሰፋት ይሻላል።

ቤት ስትገባ። መጀመሪያ መንገዱ፦ በኮብልስቶን ላይ ባጃጅ ከሆነ በአንድ ጎን ዳሌ ተደግፎ መቀመጥ ይቀላል። በመጀመሪያው ቀን በረዶ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአራስ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ፤ ፈልቶ ለብ ካለ በኋላ በጆግ እየተቀዳ ሽንት ስትሸና ይፈስበት፣ ማቃጠሉን ይቀንሳል። ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ። ጨው መጨመር አይጎዳም፣ ከተራው ውሃ የሚበልጥበት ነገርም የለም። ቅቤ፣ አረቄ፣ ያልቀጠነ ዴቶል አይነካው። ወይባ የምትሞቅም ቁስሉ እስኪድን ትቆይ። ሞዴስ በየ4 ሰዓቱ ይቀየር። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለባት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር። ሁለቱም ጡት ለምታጠባ ይሆናሉ።

ከስፌቱ በላይ የምትፈራው የመጀመሪያውን ሽንት ቤት ነው። «ይፈታል» ብላ ትይዘዋለች፣ ሲይዙት ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያማል። ስፌት በሰገራ አይፈታም። ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ደግፋ፣ የፈረንጅ መቀመጫ ከሆነ እግሯን ዱካ ላይ አድርጋ ሳታምጥ ትቀመጥ። ገንፎና ቅቤ ብቻ ሆድ ያደርቃል፤ አጠገቡ ተልባ፣ ጎመን፣ ፓፓያና ብዙ ውሃ ይኑር። ሕመሙ ጋብ ሲል ፈስ የሚይዘውን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ጨምቆ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ።

በወለደች በሰዓታት ውስጥ በማስታገሻ የማይመለስ ሕመምና ወደ ፊንጢጣ የሚጫን ስሜት ከመጣ ደም ተቋጥሮ ይሆናል፤ አይታደርም። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልሸናችም እንደዚያው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ፣ ከሸተተ፣ መግል ካለው፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ወይም ስፌቱ አፉን ከከፈተ ቶሎ ትመለስ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድና የድህረ ወሊድ አገልግሎት አይከፈልበትም። በሁለተኛው ሳምንት ቁርጥራጭ ክር ሞዴስ ላይ ቢታይ ግን ሟሙቶ የወደቀ ነው። ግንኙነት ቁስሉ ድኖ፣ ሕመሙ ጠፍቶ፣ እሷ ስትፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት በኋላ ነው።

ከመውጣቷ በፊት ባሏም ሆነ እናቷ ካርዱን ተቀብለው ይህን መስመር ይፈልጉ፣ ከሌለ ይጻፍልን ይበሉ፦ «2ኛ ደረጃ፣ ቪክሪል 2-0፣ በፊንጢጣ ተፈትሿል፣ ጋውዝ ተቆጥሯል»። በሚቀጥለው እርግዝና የምታዋልዳት ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።