የባላቶን ወይንና የአባቴ ቡና

ጅማ ውስጥ ቡና በመቅመስ እተዳደራለሁ። ከጎማና ከማና ወረዳዎች የመጡ ቡናዎችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን በማንኪያ ስንቀምስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ «መሬቱ ምን ዓይነት ነው?» የሚል በመሆኑ፣ ስለ ሀንጋሪው የባላቶን ሐይቅ ወይን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ያንን አገር እንደ ጎረቤት ቀበሌ አየው ጀመር።

ባላቶን 77 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ በሞቃቱ ወራት ቶሎ ይሞቃል፣ ቅዝቃዜ ሲመጣም የያዘውን ሙቀት ቀስ እያለ ለዳርቻው ይለቃል። ስመ ጥሩዎቹ የወይን ተዳፋቶች በሰሜኑ ዳርቻ ሆነው ፊታቸውን ወደ ደቡብ ስላዞሩ ፀሐይን ከሰማይም ከውሃው ነጸብራቅም ያገኛሉ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትውል ገበሬው የሚጨነቀው ለጥላ ነው፤ ቡናውን በሰሳና በዋንዛ ሥር ያሳድጋል። ከምድር ወገብ ርቆ በ47ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ላለው ወይን አምራች ግን ጥላ ያልበሰለ ፍሬ ማለት ነው።

በሐይቁ ዳር ባዳቾኝ የሚባል፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ 437 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ይገኛል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የፈሰሰ ቅልጥ አለት በጥንታዊ ውሃ ደለል ላይ ረግቶ ባዛልት የሚባል ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ በዙሪያው ያለው ልል መሬት ሲሸረሸር ባዛልቱ እንደ ክዳን የጠበቀው ክፍል ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከላይ የሚፈነቀለው ጥቁር ድንጋይ ከደለሉ ጋር ተቀላቅሎ ተዳፋቱን ይሸፍናል፤ ቀን የጠጣውንም ሙቀት ማታ ይመልሳል። ብዙዎች የዚህ ወይን ጣዕም «ድንጋይ ድንጋይ ይላል» ይላሉ፤ እኔ ግን ድንጋዩ በሥር ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል ብዬ አላምንም። አፈር በጣዕም ላይ የሚሠራው ውሃን በመያዝና በመልቀቅ፣ ሙቀትን በማቆየትና ተክሉን በመመገብ ነው። የጅማም ቀይ አፈር የተገኘው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ የእኛን ግን ዝናብና ሙቀት ለረጅም ዘመን አብላልተው ጥልቅ አፈር አደረጉት።

በአካባቢው ወይን ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ይለማል። ልቤን የነካው ግን ኬክኜሉ የተባለው ነጭ የወይን ዝርያ ነው። የአበባው ብናኝ መካን ስለሆነ ገበሬዎቹ ቡዳይ ዞልድ የሚባል ሌላ ዝርያ በአጠገቡ መትከልን ከአባቶቻቸው ወርሰዋል፤ ያም ሆኖ በአበባ ሰሞን ዝናብ ከበረታ ዘለላው ሳስቶ ይቀራል። የእኛ ቡና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል በጓሮ ለብቻው የቆመ ግንድ እንኳ ያፈራል፤ ኬክኜሉ ግን አፈሩም አየሩም ቢመቸው ጓደኛውን የሚተክልለት ሰው ካጣ ፍሬ አይዝም። ወግ የምንለውን ነገር በእጅ የሚጨበጥ ሥራ ሆኖ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ ጅማ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎችን መርጦ አውጥቷል፤ አባቴም አብዛኛውን ማሳቸውን በእነርሱ ተክተዋል። በወንዙ ዳር ያሉትን አሮጌ ግንዶች ግን አልነቀሉም። ባለፈው የለቀማ ወቅት ስለ ኬክኜሉ ባወራኋቸው ዕለት ወደዚያው ይዘውኝ ወርደው፣ ከአንዱ ግንድ ቀይ ፍሬ ለቅመው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ይሄ ከአያትህ የቀረ ነው፤ የዘንድሮውን ችግኝ አንተ ታፈላለህ» አሉኝ። ፍሬውን በእጄ ፈልፍዬ ጥላ ሥር አሰጣሁት።