የረሽ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» ልምምድ፦ የመጀመሪያው ፊት አለቀ፣ ሁለተኛው ላይ ነን

የካናዳውን የሮክ ባንድ የረሽን አልበም «ሙቪንግ ፒክቸርስ»ን ከዳር እስከ ዳር በሦስት ሰው ማለትም በቤዝ፣ በጊታርና በድራም ለመጫወት የተጀመረው ልምምድ ከግማሽ አልፏል። የሸክላው የመጀመሪያ ፊት አራት ዘፈኖች፣ «ቶም ሶየር»፣ «ሬድ ባርኬታ»፣ «ዋይ ዋይ ዜድ» እና «ላይምላይት»፣ በአልበሙ ፍጥነት ይሄዳሉ። ከሁለተኛው ፊት «ዘ ካሜራ አይ»፣ «ዊች ሀንት» እና «ቫይታል ሳይንስ» ይቀራሉ። ይህ ጽሑፍ የቱ ጋ እጅ እንደሚስት፣ ለምን እንደሚስትና በምን እንደሚታረም ለሌሎች ለማካፈል ነው።

አልበሙን የማያውቅ ካለ በአጭሩ፦ ጌዲ ሊ በቤዝ፣ በኪቦርድና በድምፅ፣ አሌክስ ላይፍሰን በጊታር፣ ኒል ፒርት በድራም ሆነው ከፕሮዲውሰሩ ከቴሪ ብራውን ጋር ያዘጋጁት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጥቅምትና ኅዳር ላይ በኩቤክ፣ ሞሪን ሃይትስ በሚገኘው «ለ ስቱዲዮ» በተባለ ስቱዲዮ ተቀረጸ፤ የካቲት 12 ቀን 1981 ወጣ። ሰባት ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ያህል። በካናዳ አንደኛ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በ7 ምት የሚሄድን ሙዚቃ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ መሪውን እየመታ እንዲያንጎራጉረው ማድረግ ችለዋል። የልምምዱም ሚስጥር ያለው እዚያ ነው፤ የዚህ አልበም ፈተና ቆጠራ ነው። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፦ በአፍ ያልተባለ በእጅ አይሞከርም።

ልምምዱን በአልበሙ ቅደም ተከተል አልጀመርነውም። መጀመሪያ የመጣው «ዋይ ዋይ ዜድ» ነው፤ ያለ ግጥም የሚሄድ ስለሆነ ከድምፃዊው ጀርባ መደበቂያ ቦታ የለም። ስሙ የቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቶሮንቶ የበረረ ሰው ሻንጣው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሦስቱን ፊደላት ያውቃቸዋል። ካናዳውያን የመጨረሻዋን ፊደል «ዜድ» ስለሚሏት ዘፈኑም «ዋይ ዋይ ዜድ» ነው የሚባለው፤ «ዚ» ያለ ሰው በአድናቂዎች መሃል ወዲያው ይታረማል። መግቢያው እነዚህ ሦስት ፊደላት በሞርስ ኮድ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚልከው የቴሌግራፍ ምልክት፣ ሲላኩ የሚሰጡት ምት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋይ፦ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። እንደገና ዋይ። ዜድ፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። ረጅሙን 2፣ አጭሩን 1 ብላችሁ ደምሩ፦ ዋይ 7፣ ዋይ 7፣ ዜድ 6፣ በጠቅላላ 20። ሃያው ትንንሽ ምት በአራት በአራት ሲከፈል አምስት ትልልቅ ምት ይሆናል፤ 5/4 የሚባለው ይህ ነው፣ 10/8 ብሎ የሚጽፈውም አለ። በአፍ ስትሉት «ታአ-ቲ-ታአ-ታአ፣ ታአ-ቲ-ታአ-ታአ፣ ታአ-ታአ-ቲ-ቲ» በሉት። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ይቀናዋል፤ «አለ» ላልቶና «አለ» ጠብቆ ሁለት የተለያየ ቃል መሆኑን ያለ ማሰብ የሚለይ ጆሮ፣ የአንድና የሁለት ምት ልዩነትንም ቶሎ ይይዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞርስ በሚያስተምሩ የስልክ መተግበሪያዎች አትለማመዱት። በእውነተኛው ሞርስ ረጅሙ የአጭሩ ሦስት እጥፍ ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ነው።

ሜትሮኖም፣ ማለትም ፍጥነትን በጠቅታ የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሲገባ ነገሩ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አምስቱ ትልልቅ ምቶች ከሃያው ውስጥ 1ኛው፣ 5ኛው፣ 9ኛው፣ 13ኛውና 17ኛው ላይ ይወድቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ የእናንተ ምት የሚጀምርባቸው 1ኛው፣ 13ኛውና 17ኛው ብቻ ናቸው። 5ኛውና 9ኛው የረጅሙ ድምፅ ወገብ ላይ ነው የሚያርፉት። ስለዚህ የሜትሮኖሙ ሁለተኛና ሦስተኛ ጠቅታ «የተሳሳታችሁ» ያስመስላችኋል፤ አልተሳሳታችሁም፣ ቀጥሉ። አራተኛው ጠቅታ ላይ ከተገናኛችሁ ልክ ናችሁ። ሌላው የሚስቱበት ቦታ መመለሻው ነው፦ የዜድ ሁለት አጭሮች 19 እና 20 ላይ ናቸው፣ ወዲያው 1 ይመጣል። ሦስቱ ተከታትለው ነው የሚመቱት። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ትንፋሽ ይወስድና 21ኛ ምት ይፈጥራል። በደቂቃ 60 ምት ፍጥነት ጀምራችሁ ሃያ ዙር ሳይሰበር ከሄደ በ5 ጨምሩ። የመግቢያውን ደወል መሰል ድምፅ ፒርት የመታው ክሮታልስ በሚባሉ ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች ነው፤ ከሌላችሁ ከኪቦርድ የደወል ድምፅ ይበቃል። ጊታርና ቤዝ ሲገቡ የሚጫወቷቸው ሁለቱ ኖታዎች፣ ሲ እና ኤፍ ሻርፕ፣ በመሃላቸው ሦስት ሙሉ ድምፅ አለ፤ ያ ጭንቀት ያዘለ ስሜት ከዚያ ነው። መሃል ላይ ቤዝና ድራም እየተቀባበሉ የሚመልሱት ክፍል አለ፤ እሱን እንደ ሁለት ሰው ጨዋታ ተለማመዱት፣ አንዱ ሲጫወት ሌላው ጮክ ብሎ ይቁጠር።

«ቶም ሶየር» ሁለተኛ መጣ። ግጥሙን ገጣሚው ፓይ ዱብዋ ከፒርት ጋር ጽፎታል። የመጀመሪያው የሚያገሳ ድምፅ ኦበርሃይም ከተባለ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር ኪቦርድ፣ የወጣ ነው፤ በዛሬ ኪቦርድ ለመቅረብ ወፍራም የሶው ሞገድ ምረጡና ፊልተሩን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ዝጉ። የድራሙ ፈተና ሃይ-ሃቱ፣ ማለትም በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉት ጥንድ ሳህኖች፣ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 88 ገደማ ሲሆን በእያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ በአንድ እጅ ይመታል፤ በደቂቃ 352 ምት ማለት ነው። በሁለት እጅ ማፈራረቅ ይቀላል፣ ግን አንዱ እጅ ስኔር ወደሚባለው ከበሮ በሄደ ቁጥር ሃይ-ሃቱ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ያ ቀዳዳ ዘፈኑን ያንከባልለው የነበረውን ጉልበት ይወስደዋል። በ60 ጀምሩ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ሳታቆሙ ምቱ፣ ክንዳችሁ ካልደነደነ በማግስቱ በ4 ጨምሩ። ክንድ የሚደነድነው ዱላውን አጥብቆ ከመያዝ ነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ብቻ ያዙት፣ የቀሩት ሦስት ጣቶች ይግፉት። ሲያም ማቆም ግዴታ ነው፤ የተጎዳ የእጅ ጅማት ለሳምንታት ከመጫወት ሊከለክል ይችላል።

መሃል ላይ የሚመጣው የሙዚቃ መሣሪያ ክፍልና የመጨረሻው መውጫ በ7 ነው። 4 እና 3 አድርጋችሁ ከፍሉት። በ4 ያደገ እግር ስምንተኛ ምት ሊጨምር ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ እግርን አቁሞ በአፍ ብቻ መቁጠር ነው። ቤዝ ተጫዋቹ አዲስ፣ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው ክር ይግጠም። በለስላሳ ክር የጌዲ ሊ ያ የሚያንጫርር ጠርዝ አይወጣም፤ ማስተካከያውን ብታንቀሳቅሱም የሌለውን ድምፅ አያመጣም።

«ሬድ ባርኬታ» የልብ ዘፈን ነው። ታሪኩ መኪና በሕግ በተከለከለበት በወደፊት ዘመን አንድ ወጣት ከአጎቱ እርሻ የተደበቀች አሮጌ ቀይ መኪና አውጥቶ ሲነዳ የሚሆነው ነው። መነሻው ሪቻርድ ፎስተር «ሮድ ኤንድ ትራክ» መጽሔት ላይ በኅዳር 1973 ያወጣው አጭር ልብ ወለድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለችው መኪና ግን የእንግሊዟ ኤምጂቢ ናት። ጊታሩ የሚከፍተው በሃርሞኒክስ ነው። ጣት ክሩን በሁለት ፍሬቶች (በጊታሩ አንገት ላይ ባሉት ብረቶች) መሃል ሳይሆን ልክ በብረቱ ራስ ላይ ይነካዋል፣ አይጫነውም፣ ክሩ እንደተመታ ይነሳል። ጎልተው የሚሰሙት በ12ኛው፣ በ7ኛውና በ5ኛው ፍሬት ላይ ነው። ድምፁ ታፍኖ ከወጣ ወይ ጣቱ ዘግይቶ ተነሥቷል፣ ወይ ክሩ አርጅቷል። ቀኝ እጃችሁን ወደ ድልድዩ ብታቀርቡት ይጠራል።

ከአራቱ ከባዱ «ላይምላይት» ነው ስንል የሚገረም ይኖራል፤ ለጆሮ ቀላል ነውና። ስለ ዝና የተጻፈ የፒርት ግጥም ነው፣ እንግዳ ሰውን እንደ ቆየ ወዳጅ አድርጎ ማስመሰል ስለማይችል ሰው። ስንኞቹ በአብዛኛው በ7 ይሄዳሉ፣ አዝማቹ ወደ 3 ይዞራል። ችግሩ መገናኛው ላይ ነው። ከ7 ሲወጡ ሰዎች ትንሽ ይፈጥናሉ፣ 3ቱ ውስጥ ሲገቡ ይዝናናሉ። በችክችካ ያደገ ጆሮ ደግሞ 3 ምት ሲሰማ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ 6/8 አድርጎ ማወዛወዝ ይቀናዋል፤ ያኔ ዘፈኑ ይጨፍራል፣ ማዘኑ ግን ይጠፋል። የመጨረሻውን የ7 ዙርና የመጀመሪያዎቹን አራት የ3 ዙሮች ብቻ ቆርጣችሁ ሠላሳ ጊዜ ደጋግሙ። ሌላውን አትንኩ።

ጊታሩን በተመለከተ ላይፍሰን ቀጫጭኖቹን ሁለት ክሮች ሳይዝ ክፍት እየተወ ማስተጋባት ይወዳል። ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ከበዛ እነዚያ ክፍት ክሮች ጭቃ ይሆናሉ። የዲስቶርሽኑን መጠን የሚወስነውን ጌን ከለመዳችሁት ግማሽ አውርዱና ድምፁን የሚያወፍረውን ኮረስ በትንሹ ጨምሩ። የ«ላይምላይት»ን ሶሎ ኖታ በኖታ ማጥናት ይቻላል፣ ዋናው ነገሩ ግን የንዝረት ክንዱ ነው፦ ኖታው ከተመታ በኋላ ወደ ታች የሚዘነበለው እንደሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። ክንዱ የሌለው ጊታር ላይ በጣት ጎትቶ መልቀቅ ይቀርበዋል እንጂ አይተካውም።

ከሸክላ ወይም ከካሴት የምታጠኑ ከሆነ አስቀድማችሁ ፍጥነቱን አረጋግጡ። ማጫወቻው በ1 በመቶ ከፈጠነ ድምፁ ከግማሽ ድምፅ 17 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ጊታራችሁ በትክክል ተቃኝቶም አልገጥም ይላችኋል። 6 በመቶ ከደረሰ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ነው። መሣሪያዎቹን ለይቶ ለመስማት በ2011 የወጣው ባለ 5.1 ድምፅ (ከዙሪያ ካሉ ድምፅ ማጉያዎች የሚሰማ) ቅጂ ከሁሉም ይበልጣል።

ስለ ሽፋኑ ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ሂዩ ሳይም የነደፈው ነው፣ የተነሣው ቶሮንቶ ኩዊንስ ፓርክ በሚገኘው የኦንታሪዮ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ነው። ቱታ የለበሱ ሰዎች ሥዕል ተሸክመው ያልፋሉ፤ ጎን ቆመው የሚያዩት ሰዎች ሥዕሎቹ ልባቸውን ነክተዋቸው ያለቅሳሉ፤ በጀርባው ፊልም ሲቀረጽ ይታያል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስቱንም ይይዛል፦ ማጓጓዝን፣ ልብ መንካትን፣ ተንቀሳቃሽ ምስልን። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ ሽፋን ሲፈታ ደስታው የቅኔ ደስታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ፊት። «ዘ ካሜራ አይ» 10 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ነው፣ መጀመሪያ ኒውዮርክን ከዚያ ለንደንን ያያል። እስካሁን የሠራነው ካርታውን ብቻ ነው፦ በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ክፍል መነሻ ደቂቃ፣ የዙር ብዛትና ማን እንደሚመራ። ሦስቱም ሰዎች ወረቀቱን ሳያዩ መናገር እስኪችሉ መሣሪያ አይነሣም።

«ዊች ሀንት» መክፈቻው ላይ የሚጮኸውን ሕዝብ ይፈልጋል። በአልበሙ ላይ ያሉት ሰዎች ከስቱዲዮው ውጭ በብርድ ተቀርጸው በላይ በላዩ የተደረቡ ናቸው። በአምስት ሰው ለመሥራት ከቤት ውጭ ከማይኩ አምስት ሜትር ያህል ርቃችሁ ስምንት ጊዜ ቅረጹ፤ በየዙሩ ቦታና የድምፅ ከፍታ ቀያይሩ። ክፍል ውስጥ ከቀረጻችሁት ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ሕዝቡን አምስት ሰው ያደርገዋል።

«ቫይታል ሳይንስ» መጨረሻ ላይ ይሁን። ኖታዎችን በራሱ የሚደጋግመው ሲኩዌንሰር ፍጥነቱን ለማንም አይቀይርም፤ ስለዚህ ድራመሩ በጆሮ ማዳመጫ ከሌላው ሁሉ አስበልጦ እሱን ይስማ። ጊታሩ በሬጌ አካሄድ በምቶቹ መሃል እንጂ በምቶቹ ላይ አይመታም። ከኮምፒውተር የምታጫውቱ ከሆነ የድምፁን መዘግየት አስቀድማችሁ ለኩ፤ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ ጊታሩ ልክ ሆኖ ሳለ ዘገየ ተብሎ ይከሰሳል። በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ «በፈር» (buffer) የሚለውን ቁጥር ወደ 128 አውርዱትና እንደገና ለኩ።