ሩሲያዎቹና እኛ

ሰሞኑን ሰንበት ከወጣ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ስንጠጣ፣ አንድ የአክስቴ ልጅ ያነሳው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። «ሩሲያዎቹም እንደ እኛ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። በሃያ ዓመት ውስጥ ሐኪምም ሚኒስትርም ሆኑ። እኛ ምን ነክቶን ነው?» አለ። ትልልቆቹ ዝም አሉ። ልጁ እዚሁ እስራኤል የተወለደ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ሁለቱም ወገን፣ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት አይሁድም ከኢትዮጵያ የመጣነው ቤተ እስራኤልም፣ እዚህ አገር ሲገባ አይቻለሁ። አንደኛው ወገን ራሴ ነኝ። ያን ማታ በቅጡ ስላልመለስኩለት አሁን ልጻፈው።

የመጣነው በአንድ ሰሞን ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግንቦት 1991፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጣ። ወንበሩ ተነቅሎ በአንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ ተጭኗል። እኔም ያኔ ልጅ ሆኜ ከመጡት አንዱ ነኝ። ከእኛ በፊት በሱዳን በኩል በእግር የወጡት፣ በዘመቻ ሙሴ የገቡት ወደ 8,000 ይሆናሉ። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ቀርቷል። የሶቪየት በር ሲከፈት ደግሞ በ1990 እና በ1991 ብቻ ከ330 ሺህ በላይ ሰው ገባ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። እኛ ዛሬ እዚህ የተወለዱትን ጨምረን ከ170 ሺህ ብንበልጥ በጥቂት ነው። ከዩክሬንም ይምጣ ከሞልዶቫ፣ እኛ ሁሉንም ሩሲያ ነበር የምንላቸው።

«ባዶ እጃቸውን» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሩብል ይዘው ቢመጡ ምን ይረባቸዋል! ነገር ግን ለሥራ ከደረሱት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከፍተኛ ትምህርት ነበራቸው። ከ1990 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ብቻ የገቡት መሐንዲሶች አገሪቱ ከዚያ በፊት ከነበሯት መሐንዲሶች ይበልጡ ነበር፤ ሐኪሞቹም ከ10,000 በላይ ናቸው። የእኛ ወላጆች ገበሬ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አባቴ አፈሩን በእጁ ዘግኖ ገብስ ይሁን ጤፍ እንደሚያበቅል ይናገር ነበር። ያ እውቀት እንደ አሽዶድ ባለ የእስራኤል ከተማ ላይ የሚመነዘርበት ባንክ አልነበረውም።

ታዲያ ሁሉም በዲፕሎማ ብቻ የሚፈታ ከሆነ የምጽፈው ባልኖረ ነበር።

ሩሲያዎቹ አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረሱ የመቋቋሚያ ገንዘባቸውን በእጃቸው ይቀበላሉ። ከዚያ ወዲያ ቤት የት እንደሚከራዩ፣ ልጃቸውን የት እንደሚያስተምሩ፣ ምን እንደሚበሉ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ በዚያ ገንዘብ ተቸግረዋል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በሁለት ክፍል ተደራርበው የኖሩ አውቃለሁ። የአያትየው የጡረታ ድጎማ ከልጆቹ ደሞዝ ጋር ተደምሮ ነው የቤት ብድር የሚከፈለው። ግን ውሳኔው የእነሱ ነው።

እኛ መጀመሪያ ሆቴል፣ ከዚያ መርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል)፣ ከዚያ ካራቫን የሚባል ተንቀሳቃሽ ቤት ገባን። ምግቡ ከነሰዓቱ ተወስኖ ይመጣል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ሳታንኳኳ ትገባለች። የቤቱ አባወራ ለአንዲት ብርድ ልብስ ይፈርማል። አባቴ በጎንደር ገጠር የሰው ጠብ የሚያስታርቅ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። እዚህ ግን እኔ በልጅ አንደበቴ እያስተረጎምኩለት ከጸሐፊ ፊት ቆብ አውልቆ ይቆማል። ብዙ የእኛ አባቶች የተሰበሩት በረሃብ አይደለም፤ በዚህ ነው።

ገንዘብ ተነፍገን ነበር ማለቴ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በነፍስ ወከፍ መንግሥት ለእኛ ያወጣው ለእነሱ ካወጣው ይበልጣል። በ1993 ለኢትዮጵያውያን ብቻ የወጣው የቤት መግዣ እርዳታ አብዛኛው በስጦታ የሚቆጠር ነበር፤ የሩሲያ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ነገር ግን የሚገዛበት ከተማ ተለይቶ ተጽፏል። በዚያ ገንዘብ በእነዚያ ከተሞች የሚገኘው ደግሞ ሌላው ሰው ለቆት የሚወጣ ያረጀ ፎቅ ነው። ሬሆቮት ላይ ቂርያት ሞሼ፣ ቂርያት ማላኪ፣ ኔታንያ... ሰፈሩ የእኛ ብቻ ሆኖ የቀረው ስለምንዋደድ ብቻ አይደለም። ለአንዱ ጥቂት ገንዘብ ከነምርጫው፣ ለሌላው ብዙ ገንዘብ ከነሞግዚቱ ተሰጠ። ለአክስቴ ልጅ ልለው የምፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

በትምህርት ቤትም ያው ነው። እናቴ ማታ ማታ ቢሮ የምታጸዳበት ሕንጻ ውስጥ አብራት የምትሠራ ከኦዴሳ የመጣች ሴት ነበረች። አገሯ ላይ ፒያኖ አስተማሪ ነበረች። ሁለት ጓንት ደርባ ነበር የምትሠራው፤ መርዛማው የማጽጃ ውሃ ጣቶቿን እንዳያበላሽባት። አሥር ደቂቃ ዕረፍት ሲደርስ ጓንቷን ገልብጣ ታወልቅና ጣቶቿን አንድ በአንድ ታሻቸዋለች። ከዚያ በጨው የተቀመጠ ኪያር ከጠርሙስ ታወጣለች፤ እናቴ የሰንበት ዳቦ ታቀርባለች። ከሁለት አንዳቸውም ዕብራይስጥ በቅጡ አይችሉም ነበር። ባልዲ፣ ደረጃ፣ መብራት፣ ደሞዝ እየተባባሉ ነው የተማሩት። እኔ ቤት ብቻዬን እንዳልሆን እናቴ ይዛኝ ስትሄድ ከሴትዮዋ ልጅ ጋር ደረጃው ላይ እንጫወት ነበር። ልጁ ሁልጊዜ የሒሳብ ደብተር ይይዛል። እናቱ ከሥራ መልስ እኩለ ሌሊት ላይ ታርምለታለች።

በዚያን ጊዜ የሩሲያ መምህራን «የዚህ አገር ሒሳብ ትምህርት ለልጆቻችን አይበቃም» ብለው ሞፌት የሚባለውን መርሐ ግብር አቋቁመው ነበር። መምህሩም፣ ወላጁም፣ ዘዴውም ከራሳቸው ወጣ። ልጁ ወደዚያ ሄደ። እኔን ደግሞ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩኝ። እንደ እኔ ከኢትዮጵያ የመጡ ታዳጊዎች አብዛኞቹ ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው የሄዱት። ለእናቴ «ለልጅሽ ይሄ ይሻለዋል» አሏት፤ እሷም የተማረ ሰው ቃል ነው ብላ አመነች። ክፍላችን ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጥሩ መምህራን ነበሩን፤ ውለታቸውን አልረሳም። ግን ማታ የምታርምልኝ እናት አጠገቤ አልነበረችም። አያቴም ብትሆን ክር ትፈትል፣ ተረት ታውቅ፣ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይፈትንም።

1996ን ላነሳው የምፈልገው ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ነው። በጥር ወር ከእኛ ሰዎች የተለገሰ ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። ወታደሮቻችን ሳይቀሩ የሰጡት ደም ነው። ሺዎች ኢየሩሳሌም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰባቸው። አባቴ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ፤ ለሳምንት ያህል ከሰው ጋር አልተነጋገረም። በግንቦት ምርጫ ተደረገ። ናታን ሻራንስኪ የመሠረተው የሩሲያዎቹ ፓርቲ 7 የክኔሴት (የፓርላማ) ወንበር አገኘ። ሻራንስኪ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ የፓርቲ ጓደኛው ዩሊ ኤደልስታይን የክሊታ (የአዲስ ገቢዎች ጉዳይ) ሚኒስትር ሆኑ። ከእኛ በዚያው ምርጫ አዲሱ መሰለ በሠራተኛ ፓርቲ በኩል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክኔሴት አባል ሆነ። ያን የክሊታ ሚኒስቴር ከእኛ አንዷ፣ ፕኒና ታማኖ-ሻታ፣ እስክትይዘው 2020 መድረስ ነበረበት። ይህ የብልጠት ጉዳይ አይደለም። አንድ ሚሊዮን ሰው በድምፁ በር ያስከፍታል። መቶ ሺህ ሰው አደባባይ ወጥቶ መጮህ አለበት።

ሩሲያዎቹ ሁሉ ደልቷቸዋል የሚለው ወሬ ግን ያበሳጨኛል። ዲፕሎማቸውን ይዘው ጎዳና በመጥረጊያ የጠረጉ መሐንዲሶች ነበሩ። ሴቶቻቸው በመንገድ ሲያልፉ የሚወረወርባቸውን ስድብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ልድገመው አልፈልግም። እንደ እኛው አይሁድነታቸው ተጠርጥሯል። ከ300 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሃይማኖት ሕጉ አይሁድ ተብለው አይመዘገቡም። እዚህ ጋብቻ በሃይማኖት ሕግ ስለሚፈጸም ብዙዎቹ ለጋብቻ ቆጵሮስ ይሄዳሉ። ለአገሪቱ የሞተ ወታደር እንኳ እናቱ አይሁድ ካልሆነች የት ይቀበር የሚል ክርክር ተነስቶ ያውቃል። እኛን ደግሞ ያኔ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 «አይሁድ ናቸው» ብለው ከወሰኑ በኋላም ቢሆን፣ በ1984 የገቡትን ራቢናቱ (የራቢዎቹ ባለሥልጣን) እንደ አዲስ አማኝ ለመንጻት ውሃ ውስጥ ግቡ አላቸው። በ1985 ሽማግሌና ቄስ (የሃይማኖት መሪያችንን እንዲህ ነው የምንለው) ሳይቀር ኢየሩሳሌም መንገድ ዳር ተቀምጠው ተቃወሙ።

እዚህ ላይ ግን ልዩነት አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ይቆጨኛል። ከኪየቭ የሚመጣ ሰው አንድ አያቱ አይሁድ ከሆነ የመመለስ ሕጉ ያስገባዋል። አይሁድ ሆኖ ተወልዶ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የቀየረ ካልሆነ በቀር ይገባል። ጎንደር ላይ የምትጠብቀው ሌላዋ አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ግን ቅድመ አያቶቿ ክርስትና ተነስተዋል ተብላ በዚያ ሕግ አትገባም። በመግቢያ ሕግና በመንግሥት ውሳኔ፣ በኮታ ነው ተራዋ የሚደርሰው። በ2022 በዩክሬኑ ጦርነት ሳቢያ በአንድ ዓመት ከ70 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገሪቱ ገባ፤ አብዛኛው ከሩሲያና ከዩክሬን። ደስ ብሎኛል፤ ከቦምብ የሚሸሽ ሰው ሲተርፍ የማይደሰት የለም። ያኔ በቤታችን ግን ዜናው ሲነገር እናቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። እህቷን ያየቻት ልጅ ሳለሁ ነው።

ሌላው መልካችን ነው። የኦዴሳዋ ሴት ልጅ አፉ ሲፈታና ስሙን ሲያሳጥር ማንም ከየት መጣህ አይለውም። የአክስቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ወታደር ሆኖ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲቆም መታወቂያ ይጠየቃል። በ2015 አንድ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ። በ2019 ሰለሞን ተካ ቂርያት ሐይም ላይ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ መንገዶች ተዘጉ። በመካከሉ፣ በ2016፣ የፓልሞር ኮሚቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በእኛ ላይ ዘረኝነት እንዳለ በጽሑፍ አመነ። አንድም የሩሲያ እናት ልጇ ማታ ሲወጣ «ፖሊስ ካስቆመህ እጅህን ከኪስህ አውጣ» ብላ አትመክርም። የእኔ እናት መክራኛለች። እኔም ልጄን እመክራለሁ።

ሁለቱ ወገኖች መልሰው የሚገናኙት በእርጅና ነው። እናቴና የኦዴሳዋ ሴት በአንድ የሰው ኃይል ኮንትራክተር ሥር ለዓመታት ሠሩ። ለሠራተኛው ሁሉ የጡረታ መዋጮ የግዴታ የሆነው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ለሁለቱም አንዲት ሼቅል (የእስራኤል ገንዘብ) አልተቀመጠላቸውም። ጉልበታቸው ያለቀው በነዚያ ዓመታት ነው። አሁን ሁለቱም በቢቱዋሕ ሌዑሚ (የብሔራዊ መድን ተቋም) የእርጅና አበልና ገቢው ላነሰው በሚጨመረው ማሟያ ነው የሚኖሩት። እናቴ ቢያንስ በ1993ቱ እርዳታ የተገዛች ቤት አለቻት። ሴትዮዋ በኪራይ ነው ያለችው፤ የሕዝብ ቤት ለማግኘት ተመዝግባለች፤ ወረፋው ብዙ ዓመት ነው።

ልጇ ዛሬ ሃይፋ ውስጥ መሐንዲስ ነው። አልተጠፋፋንም። ባለፈው ወር ደውሎ የእናቱን የማሟያ ማመልከቻ አብረን እንድናየው ጠየቀኝ፤ ለእናቴ ተመሳሳዩን ሞልቼ ስለነበር። ቅጹ በዕብራይስጥ ብቻ ነው የተላከው። እሱ ለእናቱ ወደ ሩሲያኛ፣ እኔ ለእናቴ ወደ አማርኛ እየመለስን ሁለት ሰዓት ፈጀብን። የሥራ ዘመን በሚለው ሣጥን የሁለቱም ዓመት አንድ ዓይነት ሆነ። የአሠሪ ጡረታ በሚለው ላይ ሁለታችንም «የለም» ብለን ጻፍን።