ከአዳማ ወደ አዳማ፣ 72 ሺህ ኪሎ ሜትር

በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አዳማ መቃረቡን የሚያውቀው በንፋስ ተርባይኖቹ ነው። በሁለት ዙር የተተከሉ 136 ናቸው፦ የመጀመሪያዎቹ 34ቱ 51 ሜጋ ዋት፣ የኋለኞቹ 102ቱ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እኔ የመጣሁት ለቴሌቪዥን ነው። ግን ይኸው ንፋስ ተርባይኑን ብቻ ሳይሆን የየጣሪያውንም ዲሽ ስለሚያዞር፣ ማስታወሻው ከእሱ ቢጀምር አይከፋም።

አንዳንድ ሰው እስካሁን ናዝሬት የሚላት አዳማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ተደርጋ ነበር፤ መቀመጫው በ1997 ዓ.ም ወደ ፊንፊኔ ተመለሰ። ቀድሞ የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ይባል የነበረው የዛሬው ኦ.ቢ.ኤን ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። የአገሪቱ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቴሌቪዥን ማለት ከዋና ከተማው ተነስቶ በተራራ ላይ ማሰራጫዎች ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ነገር ነበር። የክልል ጣቢያ ይህን ገለበጠው፤ ወሬው ከወረዳና ከዞን ተነስቶ ወደ ክልሉ ከተማ ይመጣል።

እንዴት እንደሚመጣ ማየት ደስ ይላል። ድሮ ካሴት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይላክ ነበር። ዛሬ የዞን ዘጋቢ በኢንተርኔት ይልካል፣ ችግሩም ክብደት ላይ ነው። በሴኮንድ 50 ሜጋ ቢት የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ምስል 375 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ወደ 8 ሜጋ ቢት ሲጨመቅ 60 ሜጋ ባይት። ስለዚህ ዘጋቢው ጨምቆ ይልካል፣ ዜናው ደግሞ አንዳንዴ ከካሜራው ፋንታ ከስልክ የተነሳ ይሆናል። ስልክ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ጣቢያው በሴኮንድ 25 ምስል ሲሠራ ስልኩ 30 ስለሚቀርጽ የሚራመድ ሰው ስክሪኑ ላይ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ስልክ ብርሃን ሲያንሰው የምስሉን ብዛት በራሱ ስለሚቀንስ፣ ኤዲቲንግ ላይ ረዘም ያለ ቃለ ምልልስ መጀመሪያው ልክ ሆኖ መጨረሻው ላይ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። መፍትሔው ወደ ቋሚ 25 ቀይሮ ከዚያ መቁረጥ ነው፤ ቆርጦ መቀየር ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራል። በአምፖል ብርሃን ለሚቀርጽም የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የካሜራው ሻተር፣ ማለትም እያንዳንዱን ምስል የሚቀርጽበት ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ላይ ይቀመጥ፤ 1/60 ከሆነ የቢሮው ግድግዳ ይርገበገባል።

ስቱዲዮው ውስጥ ጎብኚ የሚያየው አንባቢውን፣ ፕሮምፕተሩንና መብራቱን ነው። ልቡ ያለው ግን ማንም ፎቶ የማይነሳበት ክፍል፣ ማስተር ኮንትሮል ነው። ከስቱዲዮ፣ ከተቀረጸ ፕሮግራምና ከውጭ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳና ኃይሉ እስኪረጋ ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የባትሪ ማቆያው፣ ዩ.ፒ.ኤሱ ነው። የዩ.ፒ.ኤስ ባትሪ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ክፍል ይፈልጋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በአዳማ ሙቀት ኤር ኮንዲሽነሩን ከጄኔሬተሩ ያላገናኘ ሰው ባትሪ ሲገዛ ይኖራል። አቧራውም አይናቅም፤ የማቀዝቀዣው ማጣሪያ ከተደፈነ ሰርቨሩ ይግልና በዜና ሰዓት ራሱን ያጠፋል።

ከጣቢያው የወጣው ምስል ብቻውን ወደ ሰማይ አይሄድም። ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተጠቅልሎ ነው የሚላከው። ይህን ማወቅ ለተመልካች ገንዘብ ያድናል። ሁሉም ጣቢያ ከጠፋ ጥፋቱ ጣሪያዎ ላይ ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያሉት ብቻ አብረው ከጠፉ ወይ ማሰራጫው ነው፣ ወይ ዲሽዎ ትንሽ ዞሯል። አንድ ጣቢያ ብቻ ጠቁሮ ጎረቤቶቹ ደህና ከሆኑ ግን ዲሽ ሠሪ አይጥሩ፤ ጣቢያው ራሱ እስኪመለስ ቡናዎን ይጠጡ።

አሁን ወደ ጣሪያው። እስከ 2012 ዓ.ም ድረስ የአዳማ ዲሽ በብዛት ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያይ ነበር፣ ከፍታውም 36 ዲግሪ ብቻ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የጋራ የሳተላይት አገልግሎት የሆነው ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤን.ኤስ.ኤስ 12 ሳተላይት ሲጀምር ዲሹ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ከአዳማ ሲታይ ሳተላይቱ ከሰሜን በቀኝ በኩል ሲቆጠር 115 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሳተላይቱ ከተገኘ በኋላ ኤል.ኤን.ቢው፣ ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ በመያዣው ውስጥ በራሱ ዙሪያ ከ60 ዲግሪ በላይ መጠምዘዝ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ሲጠመዘዝ ሪሲቨሩ ላይ የሚነበበው የሲግናሉ ጥራት (Quality) ነው፤ ጥንካሬው (Strength) ዲሹ ግድግዳ ቢያይም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ታዲያ ንፋሱ። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት ወደ 2 ዲግሪ ነው፤ 1 ዲግሪ ከሳተ የሲግናሉ ግማሽ ይሄዳል። 1 ዲግሪ ማለት ደግሞ የዲሹ ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ እንዲህ ያለውን ዲሽ ፊት ለፊት ካገኘው የ12 ኪሎ ያህል ክብደት ይገፋዋል። ቆርቆሮ ላይ በሚስማር የተያዘ ቱቦ ይህን አይችልም። ቱቦው ከግድግዳ ወይም ከኮንክሪት ጋር ይታሰር፣ ቀጥ ማለቱ በቱምቢ ከሁለት አቅጣጫ ይታይ። ቱቦው ካዘመመ ዲሹ በተዞረ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ስለሚለወጥ ሠሪው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ብሎኖቹ በስፕሪንግ ዋሸር ይጥበቁ፤ ከሳምንት በኋላም አንዴ እንደገና።

ከንፋስ ቀጥሎ ጠላቱ ገመድ ነው። ብዙ ጣቢያዎች ያሉበት ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል (አግድም ሞገድ)፣ ሲምቦል ሬት 45000 እንዲሠራ ሪሲቨሩ ለኤል.ኤን.ቢ 18 ቮልት መላክ አለበት፤ ለቨርቲካል (ለቁም ሞገድ) 13 ይበቃል። መጋጠሚያው ውሃ ጠጥቶ ቮልቱ ሲወርድ ኤል.ኤን.ቢው ቨርቲካል የተጠየቀ ይመስለዋል፣ ሆሪዞንታሎቹም በሙሉ ይጠፋሉ። የቤቱ ሰው «ሳተላይቱ ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸው የ1 ሜትር ገመድ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ራሷ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ከአዳማ ሲታይ ይህ የሚሆነው በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት 7 አካባቢ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይበጣጠሳል። ደመራው ተቃጥሎ ባደረ ማግሥት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብሎን የሚፈታ ሰው ደህናውን ዲሽ ያበላሻል።

ሳተላይቱ ደርሶ መልስ 72 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ምስሉ ይህን በሩብ ሴኮንድ ይጨርሳል። የሚያዘገየው መጭመቁና መጠቅለሉ ነው፤ ሁለት ሴኮንድ፣ ከዚያም በላይ። በስልክ የሚገባ ተሳታፊ «እባክዎ የቴሌቪዥንዎን ድምፅ ይቀንሱ» የሚባለው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሰምቶ ስለሚደናገር ነው። በኢንተርኔት የሚያይ ደግሞ ከዚህም ይዘገያል። ማታ አንዱ በዲሽ፣ ሌላው በኢንተርኔት ኳስ በሚያሳዩ ሁለት ጎረቤታም ካፌዎች መካከል ቢቀመጡ ጎሉን ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። በዲሽ የሚያየው ካፌ ሲጮህ፣ ከዚያኛው በር ላይ የቆመ አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ይዞ «ኧረ አትንገሩን!» ይላል።